እማማ ጥሩነሽ የያዙት ክንድ

ጣሊያን ከድሬ ዳዋ በወጣ በጥቂት ዓመቱ ነው። ዓይናቸው የደከመውን ጎረቤቴን፣ እማማ ጥሩነሽን፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸው ነበር። አንድ እሁድ ደጃፉ ላይ በወረራው ጊዜ የጣሊያን አስተርጓሚ የነበረ አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል። የእማማን ልጅ ጠቁሞ ያስገደለ እሱ ነው ስለሚባል የሰፈራችን የከዚራ ሰው ሰላም አይለውም።

ደረጃው ጋ እማማ ተደናቀፉና የሰውየውን ክንድ ያዙ።

«አይዞዎት» አላቸው ቀስ ብሎ።

ደንግጬ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «እማማ፣ ይልቀቁት። ማን እንደሆነ አላዩትም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እማማ ግን አለቀቁትም።

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ልጄን ሲወስዱት ደጄ ላይ ያስተረጎመው እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። እኔም እፊቱ መቆሜ አይቀርም። ደግፈኝ ልጄ፤ እንግባ።»