ሳሎናችን ውስጥ ጉድጓድ ሊቆፈር ነው

ዛሬ አባባ መሬት ላይ በኖራ ወደተሰመረው ቤታችን ሲገቡ በሩ ጋ ጎንበስ አሉ! ግድግዳም ጣሪያም የለውም እኮ። የዶርዜ ቤት በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

አርባ ምንጭ ወርደው ከእኛ ጋር ሊኖሩ ነው። ብሩ አልበቃ ብሎን ከፕላኑ አንድ ክፍል ስንቀንስ እንኳ የእሳቸውን መኝታ አልነካንም።

ዞር ዞር ብለው አዩና «የሽመና ጉድጓዴስ?» አሉ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው፤ የእኛ ወለል ደግሞ ሁሉም ሲሚንቶ ነው።

ባለቤቴ የሳሎኑን መስመር በጫማዋ አጠፋችው። «ሳሎኑ ይጥበብ፣ አባባ። እንግዳ ይሄዳል፤ እርስዎ ይኖራሉ።»

ኢንጂነሩ በስልክ «ሳሎን ውስጥ ጉድጓድ?» ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

እናንተንስ ፕላን ያስቀየራችሁ ማን ነው? አባባ እየሳቁ ሲወጡም ጎንበስ አሉ።