የተገዘተው ግጦሽ

መንገድ ሠሪዎቹ ጠጠር ሲያወጡ ከርመው ሲሄዱ፣ ለእኛ የተዉልን ጉድጓድ ነው። ያውም በግጦሻችን ላይ! ከወረታ ወዲህ፣ ሜዳው ከፍ ማለት በሚጀምርበት ቦታ ነበር። ክረምት ፎገራ ውኃ ሲተኛበት ከብቱ ሁሉ የሚጠጋው እዚያ ነው። አሁን ግን ጉድጓዱ ራሱ ውኃ ይሞላ ጀመር። የንጉሥ መንገድ ነው፤ ማን ይናገራል?

አንድ ክረምት የምታለብ ላሜ ገብታ ሰጠመችብኝ። እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝ ላም ልጅ ነበረች። እንደ ሰው አለቀስሁላት። ባለቤቴ የአገሩ ጭቃ ሹም ነበሩና ነገሩን በእሳቸው ላይ አዞርሁት።

«አንቱ ሰውዬ፣ ሹመቱ ለድግስ ብቻ ነው እንዴ? ያ ጉድጓድ የሚደፈነው እኛን ሁሉ ከዋጠ በኋላ ነው?»

«በምላስሽ ቢሆን እስካሁን ተደፍኖ ነበር» ብለው ሳቁብኝ። ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአገሬው ተናገሩ፤ ደቦ ተጠራ።

በጉድጓዱ አፋፍ አንዲት ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ጎጆ ቀልሳ ትኖር ነበር። ጠጠሩ ተዝቆ ሲያልቅ ከሥሩ ደህና የሸክላ አፈር ወጥቶ፣ እሱን ብላ ነው የመጣች። መሬት የላት፣ በሬ የላት። የኔን ቤት ማድጋና እንስራ ሁሉ የሠራችው እሷ ናት። የደቦውን ወሬ ስትሰማ ወደኔ መጣች።

«እሜቴ፣ ድፈኑት፤ እውነታችሁን ነው። ጥጉ ላይ ያለችውን አፈር ብቻ ተዉልኝ። የምኖረው በሷ ነው።»

ለባለቤቴ ነገርሁ፤ እሳቸውም እሺ አሉ፤ ሽማግሎችም አልተቃወሙ። ጥጉ የእሷ ሆነ። እኔም ደግ ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ወንዶቹ ድንጋዩን መልሰው ሞሉት፤ በላዩ ጥቁሩን አፈር በቁርበት እየጎተቱ አለበሱት። ሴቶቹ ሰርዶ ከነሥሩ እየነቀልን ተከልን። እሷም አፈር ስትሸከም ዋለች። ምሳ ሲቀርብ ግን ለብቻዋ በቅጠል አድርጌ ራቅ አድርጌ ሰጠኋት። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባል ነበር፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ነበር የሚያደርግ። አሁን ሳስበው ፊቴን እሳት ይለበልበኛል።

ሰርዶው ለምለም ብሎ ብቅ ከማለቱ፣ እረኞቹ አላስችል ብሏቸው ከብቱን ለቀቁበት! ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ!»

«ምን ብዬ ልገዝት ልጄ?»

«ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው! ሰርዶው መሬቱን ይዞ፣ እርስዎ ራስዎ እስኪፈቱት ድረስ።»

እሑድ በምእመናኑ ፊት በዚያው ቃል ገዘቱ። የሴትዮዋ ጥግ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በዚያ ቀንስ እውነቴን ነው፣ እግዜር ያውቃል።

ሰኞ ሳልፍ ዶማዋንና ቅርጫቷን ይዛ ዳሩ ላይ ቆማ አየኋት።

«ምነው ቆምሽ?»

«ተገዝቷል እኮ እሜቴ።»

ክው አልሁ። «ወይ ጉዴ! ቆይ፣ ለአባ ነግሬ አስፈታልሻለሁ።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ» አለችኝ።

ነገ እሄዳለሁ እያልሁ ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። ግዝት ለአንድ ሰው ከተፈታ እረኛው ሁሉ «እሷ ከገባች እኔስ?» ይላል እያልሁ ለራሴ እነግረው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰርዶው መሬቱን እየያዘ ሲሄድ ሳየው ሳሳሁ እንጂ። ለላሞቼ ሳሳሁ። እሷ ደግሞ ባገኘችኝ ቁጥር እጅ ነሥታ ታልፋለች እንጂ «የነገሩኝ ምን ደረሰ?» አትልም። እሱ ነው የሚያበሽቀኝ። ብትሰድበኝ እሰድባት ነበር፤ ይቀለኝ ነበር።

ከአንበሳሜ መንገድ ማዶ፣ ከሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ አፈር እየለመነች በጀርባዋ ታመጣ ጀመር። ይፋግ ገበያ ሳገኛት ከፊቷ የተደረደረው ዕቃ ከገበያ ገበያ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን፣ እንስራ ሞልቶኝ ሳለ ከሷ ሌላ እንስራ ገዛሁ። መረቀችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አባ ግዝቱን ፈቱ። ከብቱ ሲገባ እልል ተባለ፤ «አንቺ ባትኖሪ» እያሉ ሰዎች መረቁኝ። እሷም ዶማዋን ይዛ መጣች። ጥጓ ግን ሰርዶ ወርሶት ከሌላው አይለይም። ወንዶቹ ተቆጡ። «ደሞ ልትቦረቡሪው ነው? ለዚህ ነው የደከምን?»

ባለቤቴ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ያኔ የነገርሽን። ምን ትያለሽ?»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። «ጥጉ የእሷ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ላሞቼ አንገታቸውን ደፍተው ሣሩን ይነጫሉ።

«ሣሩ ገና ጨቅላ ነው» አልሁ። «ለከርሞ ይሁን።»

«እሺ እሜቴ» ብላ ዶማዋን ተሸክማ ተመለሰች። ቤት ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ ላቃናው አሰብሁ፤ ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነና ተውሁት።

ከርሞም አልደረሰ። ጥምቀት እንዳለፈ ደጄ መጥታ ቆመች። ተመስገን፣ ልትረግመኝ መጣች አልሁ በልቤ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

«እሜቴ፣ ከግጦሹ ላይ ኩበት ልልቀም ይፈቅዱልኛል?»

«ለሸክላው መተኮሻ ነው?» አልኋት እኔ ጅሏ።

«ሸክላውንማ ተውሁት። ወረታ ወስጄ ልሸጠው ነው።»

እጇን አየሁት። እስከ ክርኗ ጭቃ የማይለየው እጅ ንጹሕ ነበር።

«ልቀሚ» አልኋት።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝና፣ «እግዜር ላሞችዎን ይባርክልዎ» አለችኝ።