ና ያልኳት ልጅ

ትንንሾቹ የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ከአልጋዬ ሥር ያቺን አሮጌ ላፕቶፕ ጎትተው አወጡና አቧራዋን በቀሚሴ ጫፍ ጠርገው ሶኬት ላይ ሰኳት። እንደ ንብ ቀፎ እምም አለች። መስታወቷ ግን አልበራም። ትንሽ ቆይታ ስትሞቅ ያ ጠረኗ መጣ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ላስቲክ ከአቧራ ጋር የተቀላቀለ የሚመስለው። እኔ ኮምፒውተርን የማውቀው በጠረኑ ነው። ያ ጠረን ከጓዳ ከመጣ ትልቋ የልጅ ልጄ ሥራ ላይ ናት ማለት ነበር።

«አያቴ፣ የጉሙን ጌም ንገሪን» አሉኝ። እነሱ አልደረሱበትም። ሊንኩን በስልካቸው ሲነኩት ነጭ ገጽ ብቻ ነው የሚመጣው። ባለፈው ለእኔም አሳይተውኝ ነበር። ጉሙ መስሎኝ እስኪገለጥ ትንሽ ጠበቅኩ።

እንግዲህ እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛን የተማርኩት ሶዶ ገበያ ቅቤ ስሸጥ፣ ከሰሜን ከመጡት የሹማምንት ሚስቶች ጋር ስከራከር ነው። ስለዚህ አማርኛዬ መከራከር ይችላል፤ ወንድና ሴት መለየት ግን አይሆንለትም። በእኛ በወላይትኛ ሰው ስትጠራ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ጥሪው አንድ ነው። ይህንን የምትጽፍልኝ የትልቋ ታናሽ እህት እኔ «ሄደ» ስል «ሄደች» እያደረገች እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ታድርገው። በንግግር መሀል ያልኩትን ግን እንዳለ እንድትተወው ለምኛታለሁ።

ትልቋን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ገሱባ ወረዳ ቢሮ ተመድባ ስለነበር በወር አንዴ ነበር የምትመጣው። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንድ ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ጓሮውን ሁሉ ዋጠው። እንሰቱ አይታይ፣ አጥሩ አይታይ። ዞር ስል ልጅቷ የለችም። ጠብ ጠብ የሚል የቅጠል ውሃ ብቻ ነው የሚሰማው። ከየት ልጀምር? ቆሜ መጣራት ብቻ ሆነ ሥራዬ። «ና! ወደዚህ ና! ና ልጄ!» ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ብዙ ቆይታ በጭቃ ተለውሳ፣ ቀይ ቀሚሷን እንደለበሰች ከቅጠሎቹ መሀል ብቅ አለች። አላለቀሰችም። «ድምፅሽን ይዤ መጣሁ» አለችኝ፣ ገመድ የያዘች ይመስል።

አድጋ ኮምፒውተር ተማረች፣ ተመረቀች፣ ወረቀቷን ይዛ ቤት ተቀመጠች። ሥራ የለም። ያኔ ነው ጌም መሥራት የጀመረችው። ጎረቤቶቼ በአጥሩ ላይ «ተምራ ተምራ ጌም ትጫወታለች እንዴ?» ይሉኛል። «አይጫወትም፣ ይሠራዋል» እላለሁ፤ እንዲህ ስል ግን ለራሴም አይገባኝም። መጀመሪያ የሠራችው ዶሮ በቆሎ የምትለቅምበት ነበር፤ ከላይ ጭልፊት ይመጣል። አንድ ቀን ዶሮዋ ግድግዳውን አልፋ ከመስታወቱ ወጣችና ጠፋች። «ዶሮህ ጠፋ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። አንዲት ነጥብ ረስታ ኖሯል። አንዲት ነጥብ! ቀኑን ሙሉ ያችን ነጥብ ስትፈልግ ዋለች፤ ምሳዋ ጎደሬ አጠገቧ ቀዘቀዘ።

«ይሄ ጌም ስልክ ላይ የሚጫን ነገር የለውም አያቴ፤ ሊንኩን ሲነኩት እዚያው ብሮውዘሩ ላይ ይከፈታል።»

«ብሮውዘር ደግሞ ምንድነው?»

«በር በይው።»

በር አልኩት። እስካሁንም በር ነው የምለው።

ከዚያ የጉሙን ሠራች። ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ትንሽ ልጅ እንሰት ውስጥ ናት። ጉም ይወርድና መስታወቱ ነጭ ይሆናል። መንገድ አይታይም። የሚጫወተው ሰው የሚመራው በድምፅ ብቻ ነው፤ ወደ ቤት ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል፣ ሲስት ይደክማል። ድምፁ የእኔ ነው።

ስትቀርጸኝ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኩን አፌ ላይ ደቀነችና «ጥሪኝ» አለችኝ።

«አጠገቤ ቁጭ ብለህ እንዴት ነው የምጠራህ?»

አሰበች። ስልኩን እጄ ላይ ትታ ሄዳ እንሰቱ ውስጥ ተደበቀች። ቅጠሉ እንኳ አልተነቃነቀም። ያኔ ያ ጠዋት መጣብኝና ከልቤ ጠራኋት። «ና! ወደዚህ ና! ና ልጄ!» ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ገብቶበታል፤ እሱንም አላወጣችውም።

ጌሙን አዲስ አበባ ላለ አንድ ጌም ሠሪ ድርጅት ላከችው። ሰው ሊቀጥሩ ነበር። መልሱ የመጣ ቀን አነበበችልኝ። ወደውታል። እንወስድሻለን ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል፦ ልጅቷ ሴት ናት፣ ጥሪው ግን የወንድ ነው፤ ተጫዋቹ ግራ ይገባዋል። እስከ ሰኞ አስተካክለሽ ላኪ።

ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሥራ በእኔ ምላስ ላይ መጥቶ ተንጠለጠለ።

ግቢያችን ውስጥ የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፣ ከጎጃም የመጣ፣ አማርኛው እንደ ተበጠረ ፀጉር የሆነ። ድሮም «እማማ፣ ዛሬም ልጅቷን ወንድ አደረጓት?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም «ጠርቼው ያልመጣበት ቀን አለ?» እለዋለሁ። ያን ቅዳሜ ግን አስተምረኝ አልኩት። በርጩማ አመጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ነይ ይበሉ።»

«ነይ።»

«ጎበዝ! ቀላል አይደል? አሁን ጮክ ብለው ይጥሯት።»

ልጅቷ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ስልኩን ያዝኩ። አፌን ከፈትኩ።

«ና!»

መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ደግመን ሞከርን። ና። አሁንም ሞከርን። ና። ተቀምጬ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እላለሁ፤ ልክ ስጣራ ያ ቃል ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ቀድሞኝ ይወጣል። መምህሩ ቀስ በቀስ መሳቁን ተወ። ፀሐይዋ ከቅጠሎቹ ጀርባ ዝቅ ስትል በግድ አንዱን «ነይ» አወጣሁት። ልጅቷ ከጓሮ ወጥታ መጣች። ፊቷ ላይ የጠበቅኩት ደስታ የለም።

«አያቴ፣ አሁን የጠራሽው ማንን ነው?»

የሰው በር ላይ ቆሜ የማላውቀውን ሰው የጠራሁ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ የመምህሩ ሚስት ልቅረጽልሽ አለች። ደግ ሴት ናት፤ ድምፅዋም ጥሩ ነበር። ከጓዳው ውስጥ «ነይ፣ ነይ የኔ ልጅ» ስትል ሰማኋት። ለስላሳ፣ የጠራ። እኔ ጓሮ ወጥቼ ደረቅ የእንሰት ቅጠል እቆርጣለሁ ብዬ እርጥቡንም ቆረጥኩት። ቢላዋው ቅጠሉን ሲቆርጥ የሚያሰማውን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ እየደጋገምኩ የምቆርጠው እሷን ላለመስማት ነበር። ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ጥሩ ነው የመምህሩ ሚስት ድምፅ» አልኳት። «እሱን ላክ። ሥራህ እንዳያመልጥህ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ መብራት ጠፋ። እሑድ ዋለ አልመጣም። ሰኞ ሲመጣ ጓዳ ገብታ ዘጋች። ያ የላፕቶፑ ጠረን በበሩ ሥር እየወጣ እስከ ከሰዓት ቆየ። ምን ያህል ልፋት ይሆን የሰው ድምፅ ማውጣትና የሰው ድምፅ ማስገባት? አልጠየቅኳትም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ላክሁት» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ነይ አሏት። እነሱ እንኳ በትክክል ነው የጠሯት።

መናኸሪያ ሸኘኋት። ቦርሳዋ ትንሽ ነበር። ላፕቶፑን እዚያ አዲስ ይሰጡኛል ብላ ለእኔ ተወችልኝ፤ ምን እንዳደርገው እንጃ። መኪናው ሲነሳ ልጣራ ፈልጌ ተውኩት። ለሚሄድ ሰው ና አይባል።

የሠፈሩ ልጆች ጌሙን ከፍተው ሲጫወቱ እኔ ከቤት እወጣ ነበር። የዚያችን ደግ ሴት ድምፅ ከእኔ እንሰት ውስጥ መስማት አልፈለግኩም። አንድም ቀን አላየሁትም። ኋላ ድርጅቱ ተዘጋ ተባለ፣ ጌሙም ከበሩ ጋር ጠፋ። እሷ ሌላ ቦታ ገባች፤ አሁን የምትሠራው ለውጭ አገር ሰዎች ነው፣ ከረሜላ የሚመስሉ ነገሮች እየተሰባበሩ የሚወድቁበት። ድምፅ አለው ወይ ስላት «ሙዚቃ ብቻ ነው አያቴ» ትለኛለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«መቼ ነው የምትመጣው ልጄ?» እላታለሁ።

«እመጣለሁ» ትላለች።

እመጣለሁ የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። እሱን ወድጄዋለሁ። መምጣቱ ግን ቆየ።

እነዚህ ልጆች ያልሰሙትን ልንገራቸው። ያ መምህር ወደ አገሩ ተዛውሮ ሄዶ ነበር። ካቻምና ለሥራ ሶዶ መጥቶ ሊጠይቀኝ ገባ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ስለ ልጅቷ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ሚስትህስ አልኩት፤ የሰጠችን ድምፅ አይረሳኝም፣ ልጄን እንጀራ ላይ ያወጣችው እሷ ናት አልኩት።

«እማማ፣ ልጅቷ አልነገረችዎትም እንዴ? ባለቤቴ እኮ ያኔ ተቀይማት ነበር! ድምፅዋን ልንሰማ ሊንኩን ስንከፍት የወጡት እርስዎ ነዎት። ‹ና! ወደዚህ ና!› ባጃጁ ራሱ አለበት።»

«ታዲያ አስተካክል ብለውት አልነበር? እንዴት ተቀበሉት?»

«አስተካክላለቻ። ቃሉን አልነካችም፤ ልጅቷን ነው የቀየረቻት።»

ሹሩባዋን አጥፍታዋለች። ቀዩ ቀሚስም የለም። ጉሙ ውስጥ ድምፄን ይዞ የሚመጣው ቁምጣ የለበሰ ወንድ ልጅ ነበር።