ሳይቀመስ የተሠራ የቲማቲም ሾርባ

የተከበራችሁ የቂርቆስና የካዛንቺስ ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በጾም ቀን ሳትቀምሱ ጨው የምትመጥኑበትን ዘዴ እንድታካፍሉኝ ነው።

ባለቤቴን ጉንፋን ጥሏት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቲማቲም ፈቅፍቄ፣ ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ በሶብላ ጨምሬ ሾርባ ሠራሁላት።

ፍልሰታ ነውና እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ጎረቤታችንን እትዬ ዘሃራን "እባክዎ ጨውን ይዩልኝ" ብላቸው፣ "ረመዳን መሆኑን ረሱት እንዴ ጋሼ?" ብለው ሳቁብኝ።

ሕግ ሕግ ነው፤ ለሾርባ ተብሎ አይሻርም። እንዳይበዛባት ሰግቼ ጥቂት ቆንጥሬ ጨመርሁ።

ባለቤቴ አንዴ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። አትበላም ብዬ ስፈራ፣ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ጿሚው እርስዎ ነዎት፤ ሾርባውን ምነው ከጨው አስጾሙት?"