ለእህቴ አፉ ያልኩበት ሻዕባን

እናቴ በሞተችበት ጠዋት እኔ ኮምቦልቻ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽን ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። ስልካችንን መግቢያው ላይ ቆልፈንበት ነው የምንገባው። ለምሳ ስወጣ ታላቅ እህቴ ደውላ አገኘሁና መልሼ ደወልኩላት።

«አላህ ወሰዳት» አለችኝ። «ጀናዛዋ ወጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ ስሞክር ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ቦሩ ሜዳ፣ እናቴ ቤት፣ ስደርስ ቀባሪው ተመልሶ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ገላዋን ሳላጥባት፣ ፊቷን ሳላያት እናቴ አፈር ገብታለች። የሙስሊም ቀብር እንደማይዘገይ አጥቼው አይደለም። ግን ከኮምቦልቻ ቦሩ ሜዳ ሩቅ አገር አይደለም፤ ደሴ ላይ ወርዶ ሌላ ሚኒባስ መያዝ ነው። ያረፈችው ንጋት ላይ ነው፤ ስልኬን ሳልቆልፍበት ቢነገረኝ እደርስ ነበር። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት እህቴ ላይ ጮህኩባት።

«እናቴን ደብቀሽ ቀበርሽብኝ! ከዛሬ ወዲያ እህት የለኝም!»

እሷ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተት አድርጋ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ አልተነጋገርንም። እሷ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከባሏና ከልጆቿ ጋር፣ እኔ ኮምቦልቻ ከሁለት የፋብሪካ ጓደኞቼ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል። በኢድ ልጆቿ ይደውሉልኛል። ከኋላቸው ድምጿ ይሰማኛል። እሷ ስልኩን አትቀበላቸውም፤ እኔም ስጧት አልልም።

ረመዳንን የሚቀድመው ወር፣ የዘንድሮው ሻዕባን፣ ሲገባ ካለፈው ረመዳን ያመለጡኝን ቀናት መጾም ጀመርኩ። ዓመቱን ሙሉ ነገ ነገ ስል ከርሜ፣ ረመዳን በር ላይ ሲደርስ ነው የደነገጥኩት። በዕረፍት ቀኔ ደግሞ ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት ቀጥሎ ሰፈራችን መስጊድ፣ በሴቶቹ በኩል፣ ትምህርት አለ። የሚያስተምሩን አንዲት በዕድሜ የገፉ ኡስታዛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚያስተምሩት። ያን ቀን ስለ ሻዕባን ነገሩን። አላህ በወሩ አጋማሽ ባሮቹን እንደሚምር፣ በወንድሙና በእህቱ ላይ ቂም የቋጠረው ግን ከምሕረቱ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስረዱን።

«ተምሩንም ሾርባውንም በመጨረሻው ሳምንት ትደርሱበታላችሁ» አሉ። «ቂም ግን በአንድ ሳምንት አይነቀልም። ከአሁኑ ጀምሩት።»

ሴቶቹ ሲወጡ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«ኡስታዛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የተበደልኩት እኔ ብሆንስ? የተበደለ ሰው ሄዶ አፉ በሉኝ ይላል?»

«ምን አደረጉሽ?»

ነገርኳቸው። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ስልኩ፣ ሁሉንም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

እሱንም ነገርኳቸው።

«በይ እሷ ያደረገችው እሷና አላህ ዘንድ ይቆይ» አሉኝ። «አንቺ ለተናገርሽው ሂጂ። አፉ በይኝ በያትና ተመለሺ።»

በሚቀጥለው እሁድ ጾሜን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ የኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረና የደሴ ብርድ በመስኮቱ ገባ። ረዳቱን ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ» ልለው አስቤ ተውኩት።

እህቴ ግቢው ውስጥ ለረመዳን ሾርባ የሚሆን ስንዴ በሰፌድ ታበጥራለች። ስታየኝ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። ከስታለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ።

«ወዐለይኩመሰላም። ግቢ።»

አልገባሁም። ከገባሁ ቃሉ የሚጠፋኝ መስሎኝ እዚያው ቆሜ ተናገርኩት። «እትዬ፣ በሰው ፊት ላዋረድኩሽ፣ እህት የለኝም ላልኩት፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ።»

ሰፌዱን አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። አፉ ብዬሻለሁ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ማልቀስ ጀመረች።

«አልደወልኩም» አለች።

«እ?»

«ጠዋት አልደወልኩልሽም። ኔትወርኩ ይሠራ ነበር። ስልኩን አንስቼ ስምሽን አውጥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አራት ወር ልጆቼን ጥዬ እናታችን ዘንድ ነው የከረምኩት። አገላብጣታለሁ፣ አጎርሳታለሁ። እሷ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ‹ልጄ መጣች ወይ?› ትለኛለች። አንቺን ማለቷ ነው። ልጅ እኔ አልነበርኩም። በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ አንቺን ጠራች። ሸይጧን ገባብኝ፤ እስቲ ዛሬ የእኔ ብቻ ትሁን አልኩ። ተሸክመው ሲወጡ ነው የደነገጥኩት። ያኔ ነው የደወልኩት።»

ዓመት ሙሉ ስወቅሳት ልቤ ግን አንዱን ጥግ ምናልባት ኔትወርኩ ይሆናል እያለ ይዞላት ነበር። አሁን እሱም ሄደ። ልሰድባት አፌን ከፈትኩ፤ ጾመኛ ነኝ። ዞሬ ወጣሁ። «እታለም! እታለም!» እያለች እስከ አስፋልቱ ተከተለችኝ። የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁሜ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ያን ሳምንት እንዴት እንደሠራሁ አላህ ይወቀው። ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቼ ተቆጣጣሪዋ ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ። ጓደኞቼ ለመግሪብ ጾም መፍቻ ውሃና ሳምቡሳ ሲያቀርቡልኝ ውሃውን ጠጥቼ እተኛለሁ። ልጾም እችላለሁ፤ ይቅር ማለት ግን አቃተኝ። ሶላት ላይ ስቆም የማየው ስልኩን አንስታ መልሳ ስታስቀምጠው ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ አብራኝ የምትሠራ፣ ከደጋን የመጣች ልጅ፣ አባቷ ታሞ የሦስት ቀን ፈቃድ እንደጠየቀችና እንደተሰጣት ነገረችኝ። «ጠየቅሽ?» አልኳት። «ምነው፣ ሳይጠየቅ ይሰጣል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ቤት ስገባ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ምክንያቱም እኔ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ በታመመችባቸው አራት ወራት እህቴ ስንት ጊዜ ደውላ፣ «አንድ ሳምንት እንኳ መጥተሽ ከጎኗ ተቀመጭ» ብላኛለች። እኔም፣ «ፈቃድ ከለከሉኝ፣ እትዬ» እላታለሁ። ማንም አልከለከለኝም። የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው ያቺ ሙሉ ሴት ክንዷ አልቆ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ሕፃን የተኛ መስሎ አየኋትና ፈራሁ። ፈርቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም የነገርኩት ፋብሪካው ከለከለኝ ብዬ ነው፤ በዳሱ ውስጥ ስጮህም ይህን ውሸት ይዤ ነበር የጮህኩት።

ረመዳን ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው እንደገና ሐረጎን ወጣሁ። እህቴ በሩን ስትከፍት ዓይኖቿ አበጥ ብለዋል። በዚህ ጊዜ ገባሁ። ከተቀመጥኩ በኋላ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ፈቃድ እንዳልጠየቅኩ፣ ፈርቼ እንደቀረሁ፣ እሷ ብቻዋን ስትሸከም እንደዋሸኋት።



«ይህን እናታችን በሕይወት እያለች ብትነግሪኝ፣ ወላሂ፣ እኔው መጥቼ እጅሽን ይዤ እወስድሽ ነበር» አለች። «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር። ሌሊት ሌሊት ትንፋሿ ሲቆራረጥ ብቻዬን እንቀጠቀጥ ነበር።»

«አፉ በይኝ፣ እትዬ።»

«ለአላህ ብዬ አፉ ብዬሻለሁ። አንቺስ?»

ወዲያው አልመጣልኝም። እሷም አላጣደፈችኝም፤ ራቅ ብላ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አራቱን ወር አሰብኩ።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት። ስለው ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ኋላ ነው የሞላው።

ከዚያ፣ በልቤ ስጠይቃት የኖርኩትን፣ በአፌ ግን ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኳት፤ እናታችንን እንዴት አድርገው እንዳጠቧት።

ነገረችኝ። ውሃውን ለብ አድርገው እንደነበረ፣ ብርድ ስለማትወድ። ከቀኝ እጇ እንደጀመሩ። ጸጉሯን እህቴ ራሷ ፈትታ፣ አጥባ፣ ሦስት ቦታ እንደጎነጎነችው። ፊቷ ላይ ሕመሙ እንዳልነበረ፣ ግንባሯ ተፈትቶ የተኛች ትመስል እንደነበረ። ከፈኑ ከመታሰሩ በፊት ግንባሯን ሁለት ጊዜ እንደሳመቻት።

«ለምን ሁለት ጊዜ?» አልኳት።

«አንዱ ያንቺ ነው» አለች። «ይህን ያህል እንኳ አስቤልሽ ነበር።»

ያን ቀን ተቃቅፈን ያለቀስነውን ለቅሶ በዳሱ ጊዜ አላለቀስነውም። መግሪብ ሲባል ልጆቿ ውሃ አመጡልንና አብረን አፈጠርን፤ እሷም እንደኔ ያመለጧትን ቀናት እየጾመች ኖሯል። እዚያው አደርኩ። ማለዳ ባሏ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ፤ ሥራዬ ላይ በሰዓቱ ደረስኩ።