እናቴና የአውሮራው መነኩሴ

ረቡዕ ንጋት፣ ግሌንዴል

ሳምንቱን ሙሉ ታክሲዬን ይዤ ከኤርፖርት ዴንቨር ስመላለስ ከርሜ ወገቤ አልቋል። ዕረፍቴ ዛሬ ብቻ ነው፤ እሱንም እናቴ ወሰደችው። ባለፈው ሳምንት አንድ የህንድ መነኩሴ አሳፍሬ ገዳማቸውን እንዳይ ጋብዘውኝ ነበር። ይህን ከነገርኳት ወዲህ ውሰደኝ እያለች ፋታ አልሰጠችኝም። ምክንያቷን አውቃለሁ። አገር ቤት ገብታ መመንኮስ ትፈልጋለች፤ ልጄ ካልፈቀደ ግን አልሄድም ብላለች። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ "ቆይ" እያልኩ ይዣታለሁ።

ጠዋት፣ አውሮራ

ሀቫና ጎዳናን ይዘን ወጣን፤ ጎማ ቤት፣ የኮሪያ ምግብ ቤት፣ የኛ ሰው ሱቅ፣ ደግሞ ቀይ መብራት። ገዳም የተባለው ሣሩ የደረቀ ተራ ቤት ነው። በር ላይ ጫማ ስናወልቅ እናቴ ደስ አላት።

መነኩሴው ሰባ ያለፋቸው፣ ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ ቀጭን ሰው ናቸው። ሩዝና ምስር አቀረቡልን። ሥጋ እንደማይበሉ ስለማውቅ "የጾም ነው፣ ብዪ" አልኳት። አሸተተችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው፤ ምስሩ በቅቤ ነው። ሥጋ የማይበላ ሁሉ ጾመኛ ይመስልሃል ብላ ገሠጸችኝ።

እሳቸው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ድሮ አንድ ወጣት መምህር ህንድን በእግሩ ዞሮ በአራቱ ማዕዘን ገዳም ተከለ ይባላል። ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ መጥቷል። የሚመነኩስ ሰው በቁሙ የራሱን የቀብር ሥርዓት ይፈጽማል፤ ስሙንም ይተዋል። እናቴን ይህ አልደነቃትም። እኛስ በቁማችን ፍትሐት ይደገምልን የለ እንዴ አለች።

ከዚያ "ልጅ አልለቅም ቢልስ? ብለህ ጠይቅልኝ" አለችኝ።

አጣምሜ ልተረጉመው ቃጥቶኝ ነበር። ግን አፍ አፌን ታየኛለች፤ እንዳለችው ጠየቅኩ።

መነኩሴው እናታቸው አሥራ አንድ ዓመት እንዳልለቀቋቸው ነገሩን። ያለ እናት ፈቃድ መሄድ ነውር ስለሆነ ጠበቁ። እናታቸው በመጨረሻ የፈቀዱላቸው እንዲህ ብለው ነው፦ "ሂድ፤ ግን ቆሜ መሸኘት ሳያቅተኝ ዛሬውኑ ሂድ።"

ይህንንም ተረጎምኩላት። ስንነሳ ጉልበቷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የቆመችው።

ከሰዓት፣ ግሌንዴል

መንገዱ ተዘጋግቶ ደክሞን ገባን። ፓርክ አደረግኩና እጄን ከመሪው ሳላነሳ፣

"ትኬቱን ነገ እቆርጥልሻለሁ" አልኳት።

ቀበቶዋን ፈታች።

"የመሄጃ ብቻ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"