ጊሽጣው ያጋለጠው ሳጥን

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ በር ገበያ ላይ የጊሽጣ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ወደ ሻጯ ሄድኩ። "በጣም የበሰለውን፣ ሊፈርስ የደረሰውን ምረጪልኝ" ስላት ሻጯ ግራ ተጋብታ አየችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኔ ጊሽጣ ሲሸተኝ የሚታየኝ ቀይ ቲማቲም ነው።

ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም ለውትድርና ሐረር ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ ቤታችንም ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ግርጌ ነበር። ጓሯችን ውስጥ አባቴን ስንት ለምኜ ባገኘኋት መደብ ላይ ቲማቲም ተከልኩ። ፍሬው ተንዠረገገ። ሊቀላ ነው ስል ዝናቡ ቀጥ አለና ተክሉ ዓይኔ እያየ ጠወለገ። አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አረንጓዴውን ፍሬ ተመለከቱ።

"ለፍየል ስጪው። ከርሞ ጎመን እተክልበታለሁ።"

"ተለቅሞም እኮ ይቀላል፣ አባባ!"

"እስከ ገና አንድ ቀይ ካሳየሽኝ መሬቱ ያንቺ ነው።"

ያን ቀን ለቅሜ ጨረስኩ። የተሰነጣጠቀውን እናቴ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችው፤ ጾም ነበርና ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙ እንጀራውን አስጨረሰን። ጤነኛውን በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ባለው የአባባ አሮጌ የብረት ሳጥን ውስጥ ደረደርኩት። በየቀኑ እከፍታለሁ፤ ያው አረንጓዴ ነው። ገና ሲቃረብ ጎመን የሚባል ነገር ማየት አስጠላኝ።

ጭንቀቴን ለጎረቤታችን ለእማማ ፋጡማ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

"ብቻውን እንዴት ይቀላል? የበሰለ ጓደኛ ስጪው እንጂ!" ብለው በስሎ የለሰለሰ ጊሽጣ አስያዙኝ። "አብረሽ ክተቺውና ክዳኑን አትንኪ። ኢንሻአላህ ይቀላል።"

እጄ እየበላኝ ቻልኩት። በገና ዋዜማ አባባ በጾም አንጀታቸው ከሥራ ገቡና ክፍሌ በር ላይ ቆም ብለው አየሩን ሳቡ።

"ማነው ጊሽጣ የደበቀብኝ?"

ተንበርክከው ሳጥኑን ጎትተው አወጡት። እኔም ጊሽጣውን ከከተትኩ ወዲህ ውስጡን አላየሁም። አንዱን ጋዜጣ ገለጡ፤ ቀይ! ሌላውን ገለጡ፤ እሱም ቀይ!

"ቀላ! ቀላ!" እያልኩ ወደ ጓሮ ሮጬ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ። እማማ ፋጡማ ከጓሯቸው በእልልታ መለሱልኝ። ስመለስ አባባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው በአንድ እጃቸው ጊሽጣ፣ በሌላው ቲማቲም ይዘዋል።

"እንግዲህ ጎመን ከገበያ ይገዛል" አሉ።

ዛሬ በዚያች መሬት ላይ የሌላ ሰው ቤት ቆሟል፤ አባባም የሉም። የቅዳሜው ጊሽጣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ከአረንጓዴ ቲማቲም ጋር በካርቶን ተዘግቷል። እንደሚቀላ አውቃለሁ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ግን ጆሮዬን ወደ በሩ አቀናለሁ፤ አንድ ሰው "ማነው የደበቀብኝ?" እንዲለኝ።